የዓይን ጓዳ ካሜራ ገበያ፤ ለአንዱ ፎቶግራፍ የሚከፍለው ማን ነው?

የስኮትላንዳዊው ሚስተር ዳግላስ አንደርሰን የአምስት ዓመት ልጅ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣው ሐኪም ሳያየው ቀርቶ አይደለም። ልጁ በየጊዜው ለምርመራ ይቀርብ ነበር። ይሁን እንጂ ሬቲና የሚባለው፣ በዓይን ኳስ ጀርባ በኩል የተለበጠው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ከቦታው እየተላቀቀ መሆኑ የታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የነበሩት መሣሪያዎች ለሕፃን የማይመቹ ከመሆናቸውም በላይ በአንድ ጊዜ የሚያሳዩት የሬቲናውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። አባት እ.ኤ.አ. በ1992 ኦፕቶስ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ዓላማቸውም አንድ ሕፃን ሳይማረር ሰፊውን የሬቲና ክፍል በአንድ ጊዜ የሚያነሣ መሣሪያ መሥራት ሲሆን፣ ከዓመታት ልፋት በኋላ ተሳካላቸው። የተለመደው ካሜራ በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሲያሳይ የእርሳቸው 200 ዲግሪ፣ ማለትም ከሬቲናው 82 በመቶ ያህሉን ያነሣል።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚገርመው ግን የሽያጩ ዘዴ ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ መሣሪያውን በቁርጥ ዋጋ አልሸጠም። በኪራይ ውል በየክሊኒኩ ይተክለዋል፤ የክሊኒኩ ባለቤት ደግሞ ፎቶግራፍ ባነሣ ቁጥር በደንበኛ ልክ ለኩባንያው ይከፍላል፤ ደንበኛውን ከጠየቀው ሂሳብ ላይ የሚተርፈው የራሱ ነው። በሌላ አነጋገር ኦፕቶስ ይሸጥ የነበረው ፎቶግራፍ ነው ማለት ይቻላል። የክሊኒኩ ባለቤት ትልቅ ካፒታል ሳያወጣ ይጀምራል፤ ኩባንያው ደግሞ በየወሩ የማይቋረጥ ገቢ ያገኛል። በአንጻሩ ገና ዋጋቸውን ያልመለሱ መሣሪያዎች ወጪ የሚያርፈው በኩባንያው ትከሻ ላይ ነው። በኋላ አነስተኛ የጠረጴዛ ሞዴሎች ሲመጡ በቁርጥ ዋጋ መሸጥም ተጀምሯል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 አክሲዮኑን ለንደን ገበያ ላይ ያወጣ ሲሆን፣ በ2015 የጃፓኑ ኒኮን በ259 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ጠቅልሎ ገዝቶታል።

በዚህ ዘርፍ ገንዘብ ያገኘውንም የከሰረውንም የሚለየው ጥያቄ ከዚህ ታሪክ ይነሣል። ካሜራውን የሚገዛው ማን እንደሆነ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ለአንዱ ፎቶግራፍ የሚከፍለው ማን ነው? ፎቶግራፉንስ ማን ያነበዋል? በሽታ ከተገኘ በኋላስ ምን ይደረጋል?

ጥቁሯ ቀዳዳ

የሰው ዓይን ብሌን ጥቁር የሚመስለው ውስጡ ጨለማ ስለሆነ አይደለም። ወደ ውስጥ የገባው ብርሃን ተመልሶ የሚወጣው በመጣበት መንገድ ወደ መብራቱ ነው። ይህን ተመላሽ ብርሃን ለማየት ተመልካቹ ራሱን መብራቱ ባለበት ቦታ ላይ ማድረግ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በጭንቅላቱ መብራቱን ይጋርደዋል። ጀርመናዊው ሔርማን ፎን ሔልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ ያደረጉት መሣሪያ እንቆቅልሹን የፈታው ሰያፍ በተቀመጠ መስተዋት ነው። ከጎን የተቀመጠው መብራት በመስተዋቱ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይን ይገባል፤ ሐኪሙም በዚያው መስተዋት አሻግሮ ያያል። እስከዚያ ድረስ በሕይወት ያለን ሰው ሬቲና እየመረመረ በሽታን የሚለይ ሐኪም አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሬቲና ሐኪሞችን ይህን ያህል የሚስበው ለማየት የሚያገለግል አካል በመሆኑ ብቻ አይደለም። ሰውነትን ሳይቆርጡ የደም ሥሮችን እንዳሉ ማየት የሚቻልበት ቦታ ነው። ስኳር በሽታና የደም ግፊት በሌላው የሰውነት ክፍል ውስጥ ተደብቀው የሚሠሩትን እዚህ በግልጽ ይሠራሉ።

ያዩትን በእጅ መሣል ቀርቶ ፎቶግራፍ ማንሣት ወደ ንግድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1926 ሲሆን፣ ስዊድናዊው ኖርደንሰን ከካርል ዛይስ ኩባንያ ጋር የሠሩት የሬቲና ካሜራ በዚያ ዓመት ለገበያ ቀረበ። ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከሁለት የሕክምና ተማሪዎች ነው። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ኖቮትኒና አልቪስ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በክንድ ደም ሥር በመርፌ ሰጥተው በሬቲና ውስጥ ሲፈስ ፎቶግራፍ አነሡ። ቀለሙ በማን ላይ ይሞከር የሚለውን የወሰኑት ሳንቲም በመወርወር ነበር፤ ዕጣው ለአልቪስ ወጣ። የዓይን ሕክምና መጽሔት ጽሑፋቸውን ስላልተቀበላቸው እ.ኤ.አ. በ1961 ታትሞ የወጣው በልብና ደም ሥር ሕክምና መጽሔት ላይ ነው። ይህ ዘዴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የዓይን ሐኪሞች ዋና መሣሪያ ሆኗል።

ገዢ ያጣው ድንቅ ማሽን

ፎቶግራፍ የሬቲናን ገጽ ያሳያል እንጂ ጥልቀቱን አያሳይም። ሬቲና በመካከለኛው ክፍሉ ከሩብ ሚሊ ሜትር ያልራቀ ውፍረት ቢኖረውም በውስጡ ብዙ ንብርብሮች አሉት። በንብርብሮቹ መካከል ፈሳሽ መቋጠር አለመቋጠሩን ለማወቅ ልክ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ እንደሚታይ ከጎን ማየት ያስፈልጋል።

ኦ.ሲ.ቲ. በሚል አጭር ስም የሚጠራው ቴክኖሎጂ ይህን ሥራ ሳይቆርጥ ይሠራል። አሠራሩን ለመረዳት አልትራሳውንድን ማሰብ ይበቃል። አልትራሳውንድ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን በመጠበቅ ርቀትን ይለካል። ኦ.ሲ.ቲ. በድምፅ ፈንታ ብርሃን ይልካል። ብርሃን ግን እጅግ ፈጣን በመሆኑ ማሚቶው የሚመለስበትን ጊዜ በቀጥታ የሚለካ ሰዓት የለም። ስለዚህ ብርሃኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ዓይን፣ ሌላው ርቀቱ ወደታወቀ መስተዋት ይላካል፤ ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ ከሚፈጥሩት መደራረብ ጥልቀቱ ይሰላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1991 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ይፋ የሆነ ሲሆን፣ ከሠሪዎቹ መካከል የሆኑት ዴቪድ ህዋንግ፣ ጀምስ ፉጂሞቶና ኤሪክ ስዋንሰን በ2023 የላስከር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የሽልማቱ ዜና ያልነገረው ነገር ቢኖር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገበያ ድርቅ ነው። ተመራማሪዎቹ ያቋቋሙት አነስተኛ ኩባንያ ወደ ዛይስ ቤተሰብ ገብቶ የመጀመሪያው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ለሽያጭ ቢቀርብም ገዢው ጥቂት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ሐኪም በሬቲናው መካከል ፈሳሽ መቋጠሩን በግልጽ ቢያይ እንኳ ለበሽተኛው የሚያደርግለት እምብዛም ነገር አልነበረውም። የሚሠራ መድኃኒት ለሌለው ሕመም ውድ ማሽን የሚገዛ የለም። በ2002 የወጣው ሦስተኛው ሞዴል ፍጥነትን ጨመረ፤ ገበያውን ወለል አድርጎ የከፈተው ግን ማሽኑ ሳይሆን መርፌ ነው።

አቫስቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነበር። ሐኪሞች ጥቂቱን ወደ ዓይን ሲወጉት ከዕድሜ ጋር የሚመጣውንና ደም ሥር እያበቀለ የሚያሳውረውን የማኩላ በሽታ እንደሚገታ አዩ። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሉሴንቲስ በ2006 ለዓይን ተብሎ ተፈቀደ። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት የገበያ ገጽ አንባቢን ያስደንቃል፤ ሉሴንቲስ በአንድ መርፌ ወደ 2,000 ዶላር ሲጠየቅበት ከአቫስቲን ተቀንሶ የሚዘጋጀው አንድ መጠን ወደ 50 ዶላር ነበር። በአሜሪካ መንግሥት ወጪ የተካሄደውና ውጤቱ በ2011 ይፋ የሆነው ማነጻጸሪያ ጥናት ደግሞ የበሽተኛን ዓይን በመጠበቅ ረገድ ሁለቱ እኩያ መሆናቸውን አሳየ።

መርፌው በየወሩ መደጋገም ነበረበት። ታዲያ ፈሳሹ መድረቁን ያረጋገጠ ሐኪም የሚቀጥለውን መርፌ ሊያዘገየው ይችላል፤ ለዚህ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ደግሞ ኦ.ሲ.ቲ. ነው። በአንድ ጊዜ ማሽኑ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ውድ መድኃኒት የሚቆጥብ የሂሳብ ሠራተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ መርፌውን በኦ.ሲ.ቲ. እየመሩ መስጠት ከ2008 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ለአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን (ሜዲኬር) 9 ቢሊዮን ዶላር ያህል፣ ለሕሙማኑ ደግሞ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል አድኗል። ከፋዩ ማሽኑን የወደደው ለዚህ ነው።

የአንባቢ እጥረት

ሌላው የገበያው ክፍል ስኳር በሽታ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ስኳር ያለባቸውን አዋቂዎች ቁጥር 589 ሚሊዮን አድርሶታል፤ ከአሥሩ አራቱ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። ስኳሩ የሬቲናን ጥቃቅን ደም ሥሮች እየሸረሸረ ሲሄድ ደም ሥሮቹ ያንጠባጥባሉ፣ ይዘጋሉ፤ ከዚያም ደካማ አዳዲስ ሥሮች ይበቅሉና ይደማሉ። መጥፎነቱ ሰውየው ምንም አለማወቁ ነው። ጋዜጣውን ያነባል፣ መኪናውን ይነዳል፣ ዓይኑ ደህና ነው ብሎ ያምናል። ዕይታው ሲደበዝዝ ብዙው ጉዳት ደርሷል። የሌዘር ሕክምና በጊዜ ከተደረገ ከባድ የዕይታ ማጣትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ከ1976 ጀምሮ በጥናት ታውቋል። ስለዚህ መድኃኒቱ አለ፤ የጎደለው በሽተኛውን ሳይዘገይ የሚያገኘው ሰው ነው።

እንግሊዞች ይህን በመንግሥት ወጪ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተዘረጋው ፕሮግራም 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ለሬቲና ፎቶግራፍ ይጠራል፤ ሥዕሎቹን የሚያነቡትም የሠለጠኑ ሠራተኞች ናቸው። በ2014 የታተመ ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የስኳር ሬቲና በሽታ ቢያንስ በ50 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓይነ ሥውርነት ምክንያቶች የአንደኝነቱን ቦታ መልቀቁን ዘግቧል። ካሜራው ከሌሎች አገሮች ካሜራ የተለየ አልነበረም። የተለየው ከፋዩ አንድ መሆኑና ሥዕሉን ተቀምጦ የሚያነብ ሰው መቀጠሩ ነው።

አንባቢ መቅጠር ለማይችለው ወይም ለማይፈልገው ገበያ መልስ ይሆናል ተብሎ የመጣው ኮምፒዩተር ነው። የጎግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 128,175 የሬቲና ሥዕሎችን ለኮምፒዩተር አስተምረዋል። እያንዳንዱን ሥዕል ከሦስት እስከ ሰባት ጊዜ የፈረዱት 54 የአሜሪካ ሐኪሞች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ደንብ አልተነገረውም፤ የሐኪሞቹን ፍርድ እያየ በራሱ መለየትን ተማረ።

ንግዱን በሕግ ያስጀመረው ግን በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪም ዶ/ር ማይክል አብራሞፍ ያቋቋሙት ኩባንያ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የፈቀደው ይህ መሣሪያ ሐኪም ሳያየው ራሱ ውሳኔ ይሰጣል፤ ወይ «ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ»፣ ወይ «ከ12 ወር በኋላ ይመለሱ» ይላል። ኩባንያው ለመሣሪያው ስህተት ኃላፊነት እንደሚወስድና ለዚሁም መድን እንደገባ አስታውቋል። ከፈቃዱ ቀጥሎ ሌላ ወሳኝ ወረቀት መጣ። በ2021 ለዚህ ምርመራ የራሱ የክፍያ መለያ ቁጥር ተሰጠው፤ በ2022 ሜዲኬር በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 45 ዶላር የሚጠጋ ዋጋ አወጣለት። የመለያ ቁጥሩ በኮምፒዩተሩ ችሎታ ላይ ያከለው ነገር የለም፤ ለሻጩ ግን ከችሎታው ያላነሰ ዋጋ አለው። ቁጥር የሌለው ምርመራ ቢሠራም አይከፈልበትምና።

ለፈቃዱ መሠረት የሆነው በ10 የሕክምና ጣቢያዎች በ900 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ሲሆን፣ መሣሪያው ሕመም ካለባቸው 87 በመቶውን፣ ከሌለባቸው ደግሞ 90 በመቶ ገደማውን በትክክል ለይቷል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ደስ ይላል፤ በኪስ ግን እንዴት ይመነዘራል? ለምሳሌ ከ1,000 ስኳር ያለባቸው ሰዎች መቶው የሬቲና ሕመም አለባቸው እንበል። መሣሪያው 87ቱን ያገኛል፣ 13ቱን ያሳልፋል። ከቀሩት 900 ጤነኞች ደግሞ 90ውን ሕመም አለባችሁ ብሎ ወደ ዓይን ሐኪም ይልካል። ሐኪሙ ዘንድ ከሚደርሱት 177 ሰዎች ከግማሽ በላዩ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። ሐኪም በበዛበት ከተማ ይህ ጥቂት ማጉላላት ነው። ለአንድ አውራጃ አንድ ሐኪም ባለበት አገር ግን ወረፋውን እጥፍ ማድረግ ነው።

በታይላንድ የሆነው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይዟል። አገሪቱ ለ4.5 ሚሊዮን ስኳር ሕሙማን የነበሯት የዓይን ሐኪሞች 1,500 ገደማ፣ ከእነዚህም የሬቲና ባለሙያዎች 200 ገደማ ናቸው ተብሎ ስለተነገረ፣ የጎግል መሣሪያ በ11 ክሊኒኮች ተሞከረ። በ2020 ይፋ የሆነው ዘገባ እንደሚያመለክተው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከቀረቡት 1,838 ሥዕሎች 21 በመቶውን ኮምፒዩተሩ «ጥራት የለውም» ብሎ መለሰ። ነርሶቹ አላጠፉም። ክፍሉ የሚፈለገውን ያህል ጨለማ አልነበረም፤ አንዳንድ ቦታም የኢንተርኔቱ መስመር እየተንቀራፈፈ ወረፋውን ያቆመው ነበር። ሥዕሉ የተመለሰበት ሰው ሕመም ባይኖርበትም ሌላ ቀን ሥራ ፈትቶ ሩቅ ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። ይህን ያዩ አንዳንድ ነርሶች ሕሙማኑ በሙከራው እንዳይሳተፉ ሲመክሩ ተገኝተዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሐኪም እኩል የተባለ ማሽን በመጋረጃ እጦት ሲሰናከል ማየት በእርግጥ ለሻጩም ለገዢውም የሚያሳፍር ነው።

ወደዚህ ስንመጣ

እነዚህ ካሜራዎች ወደ ኢትዮጵያም ይገባሉ፤ በእጅ የሚያዙና ከስልክ ጋር የሚሠሩ ዓይነቶች ስለመጡም የዋጋው በር ከቀድሞው ሰፍቷል። አስመጪ ለመሆን የሚያስብ ሰው ግን ከካታሎጉ በፊት ሊያየው የሚገባ አንድ ሰነድ አለ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ሥውር ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ ትራኮማ ነው። ለሁለቱም የሬቲና ካሜራ መፍትሔ አይደለም። እንዲያውም ሞራ ያለበትን ዓይን ካሜራው አሻግሮ ማየት ስለማይችል ሥዕሉ እንደ ጭጋግ ይወጣል። የሞራ በሽተኛ የሚፈልገው ቀዶ ሕክምናና ሰው ሠራሽ ሌንስ ነው።

ይህ ማለት ገበያው የለም ማለት አይደለም። ከዚያ ጥናት ወዲህ ከተሞች ሰፍተዋል፣ ስኳርም ከእነርሱ ጋር መጥቷል። ሆኖም የዓይን ሐኪሞች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ በመሆኑ በክፍለ ሀገር ከተማ ሕመሙ የተገኘበት ሰው ለሌዘር ወይም ለመርፌ ዋና ከተማ ድረስ መምጣቱ የተለመደ ነው። ሌዘሩ በሌለበት ቦታ ካሜራ የሚተክል ነጋዴ ደንበኛው ፎቶግራፉን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ካላሰበበት፣ በሁለተኛው ዓመት ደንበኛ ያጥረዋል። አብዛኛው ሕመምተኛ የሚከፍለውም ከኪሱ ነው። ሕመም ያልተሰማው ሰው ደግሞ ለምርመራ ከኪሱ ለማውጣት ያመነታል።

ሂሳቡ ቢሠራ የሚከተለውን ይመስላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ካሜራ 20,000 ዶላር ቢፈጅና አምስት ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን፣ በቀን አሥር ሰው ቢያይ 12,500 ሰው ያያል፤ የመሣሪያው ድርሻ በአንድ ሰው 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል። በቀን ሁለት ሰው ብቻ ቢያይ ግን ድርሻው 8 ዶላር ይደርሳል፤ የነርሷ ደመወዝ፣ የብሌን ማስፊያ ጠብታው፣ የአንባቢው ክፍያና የጥገናው ወጪ ገና አልተነኩም። ዋጋው በዶላር፣ ገቢው በብር ስለሆነም ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን ሂሳብ በየዓመቱ እንደገና መሥራት የግድ ነው። በቀን አሥር ሰው የሚገኝበት ወረፋ ደግሞ በአብዛኛው ያለው በመንግሥት ሆስፒታሎች የስኳር ክትትል ክፍል ደጃፍ ነው፤ ሕሙማኑ በቀጠሯቸው ቀን ማልደው መጥተው እዚያው ተቀምጠው ይጠብቃሉ።